ዘይነባና ነጯ ክኒን

ጥቅምት ላይ ነው። ከድሮው ሱቄ በረንዳ ተቀምጬ የጠዋት ፀሐይ ስሞቅ፣ ከጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ቤት የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ መጣ። ልብስ ሰፊው ልጅ ካውያውን ሱሪ ላይ ትቶ ስልክ ሲያወራ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። ከዘራዬን እዚያው ጥዬ፣ አንዱ ጫማዬ ሊወልቅ እየተንጠለጠለ፣ በመስጊዱ ጎን ያለውን ቁልቁለት በሩጫ ወረድሁት። በዚህ ዕድሜዬ ስሮጥ ያዩኝ ሰዎች «ጋሽ ይማም፣ ምን ሆኑ?» እያሉ ተከተሉኝ። የግቢዬን በር በርግጄ ስገባ ባለቤቴ ዘይነባ ከግድግዳው ጥግ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?»

 ትንፋሼ እስኪመለስ በሩን ተደግፌ ቆምሁ። እሷ ተከትለውኝ ለመጡት ሰዎች «አብሽሩ፣ ደህና ነን» ብላ መለሰቻቸውና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ምን እንዳስሮጠኝ ግን ገብቷታል። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔና ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም። የሚያውቁት ሁሉ አልፈዋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነበርሁ። ዓይኔ መርፌ ማየት እስኪያቅተው ድረስ ሌላ ሥራ አላውቅም። ያኔ መካነ ሰላም አንድ አቧራማ መንገድ ነበራት፤ ግራና ቀኙ የጭቃ ቤት፣ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቆርቆሮ። ልብስ ሰፊዎች በየሱቁ በረንዳ የእግር መኪናችንን ደርድረን እንውላለን። ፊት ለፊታችን ያለው ሻይ ቤት ቴፑን መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ ዘፈኑ ግን በነፃ ነው፤ እኛም የመኪናችንን ፔዳል በዘፈኑ ምት እንረግጣለን። ካሴቱ አርጅቶ ድምፁ ሲጎተት የእኛም እግር አብሮ ይጎተታል። ጎረምሳው ሁሉ እግሩ መሬት የሚጠርግ ቦላሌ ይፈልጋል። ቴትሮን የሚባለው ጨርቅ ገና መግባቱ ነበር፤ አይጨማደድም ስለተባለ መምህራኑና የመንግሥት ሠራተኞቹ ይሻሙበታል። እኔም አገጬ ድረስ የሚደርስ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ሰፍቼ ለብሼ፣ ጠጉሬን አጎፍሬ፣ ከተማው በእኔ የተጌጠ ይመስለኝ ነበር። አሁን በዚያው በረንዳ ላይ የስልክ ቀፎና ሽፋን ይሸጣል። የተሰፋ ልብስ በቦንዳ ስለሚመጣ የጎረቤቴ ልጅ ሥራው ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው።

በገበያ ቀን ጨርቄን ጠቅልዬ በጭነት መኪና አቀስታ እወጣ ነበር። አቀስታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ገበሬው ባናውን ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ሻጭና ገዢ የሚተዋወቀው በድምፅ ነው። ዘይነባንም መጀመሪያ ያወቅኋት በድምፅዋ ነው። ከእናቷ ጋር ለአረፋ የሚሆን ፖፕሊን ልትገዛ መጥታ ጨርቁን በጣቷ እያሸች፣ «ይኸ አንድ ጊዜ ሲታጠብ አጥሮ ለታናሼ ነው የሚሆን። ስለዚህ የታናሼን ዋጋ ነው የምከፍልህ» አለችኝ። ዙሪያችን ያለው ሰው ሳቀ። እናቷ ዝም በይ ብላ ጎሸመቻት። እኔም በታናሽዋ ዋጋ ሸጥሁላት። በሚቀጥለው ገበያ መጣች፣ በሚቀጥለውም መጣች፤ በመጣች ቁጥር ሳትከራከረኝ አትሄድም። ለአንድ ቁልፍ ስትከራከር ፀሐይ ልትጠልቅ ትችላለች። ሽማግሌ ብልክ አባቷ ሳያስመላልሱ እሺ አሉ። ጓደኞቼ ዕድለኛ ነህ አሉኝ፤ እኔም አመንሁ።

ቤቴ ከገባች በኋላ ሱቄ ሌላ ሆነ። መኪናዋን መርገጥ በጥቂት ጊዜ ተማረች፤ ቁልፍ ትተክላለች፣ በከሰል ካውያ ትተኩሳለች፣ ዕዳቸውን ለሚያዘገዩት ደንበኞች እኔ አፍሬ የማልናገረውን እሷ በሳቅ አድርጋ ትናገራለች። ሰው የሚያሰፋው ልብስ ሳይኖረው ጨዋታዋን ሊሰማ ይመጣ ነበር። እንዲህ ሆነን ከረምን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነው፤ እኔ እጅጌ እገጥማለሁ፣ እሷ ከኋላዬ የአንድ መምህር ሱሪ ትተኩሳለች። ድንገት አንድ ጩኸት ሰማሁ። የእሷ ነው ብዬ አላሰብሁም፤ የሰውም አልመሰለኝም፤ የሚታረድ በግ ይመስል ነበር። ዘወር ስል ዘይነባ እንደ ግንድ ደርቃ ወደ ኋላ ስትወድቅ አየሁ። ከዚያ ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ዓይኗ ወደ ላይ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ቀረ፤ ከአፏ ደም የተቀላቀለበት አረፋ ይወጣል። ካውያው ሱሪው ላይ ወድቆ ጢሱ ቤቱን ሞላው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ተገፋፍተው ወጡ። አንዱ ከበር ላይ «እንዳትነካት፣ ለሃጩ ይተላለፋል» ይለኛል፤ ሌላው ክብሪት ጭሮ በሩቁ ወደ አፍንጫዋ ይዘረጋል። ያኔ ከሱቁ ጀርባ አብራን የምትኖረው እናቴ ከጓዳ መጥታ ሸሚዜን ከኋላ ይዛ ትጎትተኛለች። የያዝሁት እጅጌ ከእጄ አልወደቀም፤ እሱን እንደጨበጥሁ ካውያውን በሌላው እጄ ከእግሯ አጠገብ ገፋሁት፤ መዳፌ መቃጠሉ የተሰማኝ ማታ ነው። ከጎኗ ተንበርክኬ ስሟን ስጠራ አትሰማኝም። ሞተች ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን አብሬው ኖርሁ።

ስትነቃ ምላሷን ነክሳ ነበርና መናገር አቃታት። በሩ ላይ የተደረደረውን ሰው አየች፣ የተቃጠለውን ሱሪ አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናቴ በዚያው ቀን ለብቻዬ ጠርታ፣ «ልጄ፣ ጅን አለባት። ወገኖቿ አውቀው ነው የደበቁህ። ሳትወልድ በሰላም መልሳት» አለችኝ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ለእኔ ፈርታ ነው። የዘይነባ አባት ተልኮባቸው መጡ። በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩትም።

«ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ትኩሳት ታማ ከዳነች በኋላ ጀመራት» አሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ብነግርህ ትወስዳት ነበር?»

 «አላውቅም» አልሁ።

«እኔም አላወቅሁም፤ ስለዚህ ዝም አልሁ። አፉ በለኝ» አሉና፣ «አሁን ልውሰዳት?» ብለው ጠየቁኝ።

ዘይነባ ጓዳ ሆና እንደምትሰማን አውቅ ነበር። «አይ፣ ትቀመጥ» አልሁ። ጀግንነት አልነበረም። አጠገቤ ሆና ስትወድቅ ከማየት ይልቅ፣ አቀስታ ሆና ወድቃ ይሆን እያሉ ሩቅ ሆኖ ማሰቡ ይበልጥ አስፈራኝ።

ከዚያ በኋላ ዓለም ለእኔ እሳት፣ ውኃና ገደል ሆነች። ምድጃውን በድንጋይ ከበብሁት። የጓዳውን መቀርቀሪያ ነቀልሁት፤ ከውስጥ ቆልፋ ብትወድቅስ ብዬ። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሥራዬን ጥዬ ከሩቅ እከተላታለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ሌላ ጉዳይ ያለኝ እመስላለሁ። የመስጊዳችን ሸህ ዱዓ አድርገው ሒርዝ የሚባለውን ክታብ ጽፈውላት በአንገቷ አሰረች። ጎረቤታችን እማማ ደስታ ደግሞ ከማርያም ጠበል በጀሪካን ተሸክመው አመጡላት፤ እሱንም ጠጣች። ሁለቱም ከልባቸው ነበር፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። መውደቁ ግን አልቆመም። በምን ቀን እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ያልመጣበት ቀንም እንደመጣበት ቀን ያስፈራ ነበር። ስሙን በቤታችን አንጠራውም፤ «ያ ነገር» ነው የምንለው።

በኋላ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ የሆነውን ሲሰማ፣ «ይህ የአንጎል በሽታ ነው፣ መድኃኒት አለው፤ ደሴ ውሰዳት» አለኝ። ያኔ ደሴ መሄድ ማለት እህል የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና አናት ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጦ መንገላታት ነው። መኪናው ገደሉን እየታከከ ሲሄድ እዚህ ላይ ቢጥላትስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ጋቢዬን አውልቄ ጠምዝዤ ወገቧን ከወገቤ ጋር አሰርሁት። ተሳፋሪው ሙሽሮች ናቸው ብሎ ሳቀብን። ዘይነባ ለምን እንዳሰርኋት ታውቃለች፤ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ከወደቅሁ አንተም ልትወድቅ ነው?» አለችኝ። ቋጠሮውን ደጋግሜ እያጠበቅሁ ደሴ ደረስን።

ሐኪሙ ትንሽ ነጭ ክኒን ሰጣት። ማታ ማታ ትዋጣለች። «አንድም ቀን እንዳታቋርጡ። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቆም ከበሽታው ይብሳል» አለን። ይህ ንግግር ራሴ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ክኒኗን ከጀመረች በኋላ መውደቁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና ጠፋ። አልሐምዱ ሊላህ አልን። ልጃችን ሐያት ተወለደች። እናቴ ስትሞት እጇን ይዛ የነበረችው ዘይነባ ናት።

ዘይነባ ግን ዝም አለች። በአንድ ቀን አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው። ደንበኛ ሲከራከር እኔን ታየኛለች እንጂ አትመልስም። ነገር ሲነገራት ጥቂት ቆይታ ነው የምትሰማው። ጨዋታዋን ፈልገው ይመጡ የነበሩት ቀሩ። ወልዳለች፣ ደክሟታል፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች እያልሁ ለራሴ ምክንያት እሰጣለሁ። ከዓመታት በኋላ ዝምተኛ ሚስት አለችኝ ብዬ ተናገርሁ፤ ጠባይዋ ነው ብዬ አመንሁ። ሐያትም እናቷን የምታውቃት እንዲህ ሆና ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መጣ። ለምን እንደተዘጋ ሁሉም የራሱን ያወራል፤ እኔ የማውቀው መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያው ባዶ መሆኑን ነው። የሐኪሙ ንግግር ያኔ ተነሥቶ እንቅልፍ ነሣኝ። የቀሩትን ክኒኖች በዓይኔ እየመዘንሁ፣ በቅሎ ለምኜ ከነጋዴዎች ጋር ከላላ ከተማ ድረስ ሄድሁ። እዚያ አንድ ፋርማሲስት ከራሱ እናት መድኃኒት ላይ ከፍሎ ሰጠኝ። እናቱም ያው በሽታ አለባቸው፤ እስከዚያ ቀን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው ያወራነው። ስመለስ ክኒኑን ደረቴ ላይ ይዤ፣ በየመታጠፊያው ሰው ያስቆመኛል ብዬ ስርድ ነው የመጣሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው በዚህ ዓመት የመጣውን ፍርሃት ለማስረዳት ነው። ባለፈው ሐምሌ ዘይነባ ግቢያችን ውስጥ ጭቃ አዳልጧት ወደቀች። ያ ነገር አይደለም፤ እንደማንም ሰው ነው የወደቀችው። የእጇ አንጓ ግን እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። ሆስፒታል በጄሶ ካሰሩላት በኋላ የራጅ ፎቶውን ያየው ሐኪም አጥንቷ ሳስቷል፣ የምትወስደው መድኃኒት ይሆናልና ደሴ የነርቭ ሐኪም ይያት አለ። መስከረም ላይ ሐያት ይዛን ሄደች። ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት፤ የሐያት ታናሽ ትሆናለች። የዘይነባን ራስ በሽቦ አስመረመረች፤ ወረቀቱ ላይ የወጣውን መስመር እያሳየች በሽታው የአንጎል መብረቅ መሆኑን እንደ ተረት አድርጋ አስረዳችን።

«እማማ፣ ይህች ክኒን ብዙ ዓመት ጠብቃዎታለች» አለቻት። «ግን አጥንትዎን እየበላችው ነው። ድሮ ይህ ነገር በደንብ አይታወቅም ነበር። በኋላ የወጡ ጥናቶች ናቸው፣ የቆዩት መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አጥንት እንደሚያሳሱ ያሳዩን። አሁን አጥንት ላይ እንዲህ የማይከብዱ አዳዲሶች አሉ። አንዷን በወራት ውስጥ ቀስ እያልን እየቀነስን፣ ሌላውን እየጨመርን መቀየር እንችላለን።»

«ሲቀየር ይጥላታል?» አልሁ።

«ሊጥላቸው ይችላል፤ አልዋሽዎትም አባባ። ብዙ ሰው ያለ ችግር ይቀይራል። ጥናት ግን የሚነግረን ስለ ብዙ ሰው ነው፤ እሳቸው እንዴት እንደሚሆኑ የምናውቀው ስንጀምር ነው።»

«እንግዲያው አንነካካውም» አልሁ። «ተኝቶ የኖረን ነገር ለምን እንቀሰቅሳለን? የእጅ ስብራት ይድናል።»

ዘይነባ እስከዚያ ድረስ ጄሶዋን እያየች ነበር። ቀና አለችና ሐኪሟን፣ «ልጄ፣ ይህች ክኒን ታስተኛለች?» አለቻት።

«አዎ እማማ። ታደነዝዛለች፤ ሐሳብንም ታዘገያለች። ብዙ ሰው ይህን ይናገራል።»

«መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

«አንዳንድ ሰው ይለምዳታል። አንዳንዱ ላይ ግን እስከተወሰደች ድረስ ትቆያለች።»

  ሐያት የእናቷን እጅ ልትይዝ ስትል ዘይነባ አልሰጠቻትም። ከዚያ፣ «ጀምሪልኝ» አለች።

ጥቅምት ላይ ቁልቁለቱን ያስሮጠኝ ይኸው ነው። ነጯን ክኒን በምላጭ ለሁለት የምከፍላት እኔ ነበርሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ቀድጃለሁ፣ እንደዚያ ግን ደጋግሜ ለክቼ አላውቅም። ግማሿ ክኒን ሳህኑ ላይ ስትቀር ከዘይነባ ላይ አንድ ነገር የቆረጥሁ ይመስለኛል። የወጥ ቤቱ ድስት ሲንኮሻኮሽ እበረግጋለሁ። ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ በር ላይ እቆማለሁ። ቀኑ ሲገፋ ግን ሌላ ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ዘይነባ እያንጎራጎረች ግቢ ስትጠርግ ሰማኋት። ሌላ ቀን ሐያት ገዝታ ያመጣችውን ቀሚስ በጣቷ አሽታ፣ «ይኸ አንዴ ሲታጠብ ለታናሽ ነው» አለችና ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ሐያት ምን እንደሆነ አልገባትም። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ ግንቡን ይዤ ቆምሁ። አቀስታ ገበያ ላይ ያየኋት ልጅ ጠጉሯ ሸብቶ፣ ጥርሷ ጎድሎ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጣለች። የት ነበረች? እዚሁ፣ አጠገቤ ነበረች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል፤ ግን ከደስታው በላይ ፈራሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ከማን ጋር ነበር የኖርሁት? ይህችኛዋስ አሁን ስታየኝ ምን ታያለች?

ቁጣም መጣ። ዱቄት ያጎደለባትን ነጋዴ ሰው መሐል አዋረደችው። እኔንም አንድ ቀን፣ «እንደ ፍየል አትከተለኝ» ብላ ጮኸችብኝ። ሐያት ሐኪሟ ጋር ደወለች፤ አዲሱ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ብስጭት ያመጣል፣ ከበዛ ንገሩኝ አለቻት። ለዘይነባ ይህን ስነግራት፣ «ሊሆን ይችላል» አለችኝ። «ግን የእኔም አለበት። የቆየ ነው» አለች።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገበያ ውለን ሽንኩርት ስንገዛ፣ ያ ጩኸት መጣ። ዘመን አልፎ ስሰማው እንኳ ለየሁት። ዘይነባ ስትወድቅ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስሁም። ሽንኩርቱ መንገድ ለመንገድ ተንከባለለ። ሰዉ ክብ ሠርቶ ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ የእኔ እኩያ ክብሪት አወጣ። «ተወው ወንድሜ፣ አይጠቅማትም» አልሁት፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነው የመሰለኝ። ሐያት ሐኪሟ ያለችውን ደጋግማ አስጠንታኛለች፤ አትያዛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታግባ፣ ከድንጋይ አርቃት፣ ሲያበቃ በጎኗ አስተኛት። ኮቴን አውልቄ ከራሷ ሥር አደረግሁ። ከዚህ በቀር ማድረግ የሚቻል ነገር የለም፤ ተንበርክኮ ማየት ብቻ ነው። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። በልቤ ያንን ምላጭ እረግማለሁ። አለቀ። ረጅም ትንፋሽ ሳበች። በጎኗ አስተኛኋት፤ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ነጠላዋን አውልቃ እግሯን ሸፈነችላት።

በባጃጅ ቤት አስገብተናት ተኝታ ስትነሣ፣ የክኒን ብልቃጡን ከፊቷ አስቀመጥሁት።

«ወደ ነጯ እንመለሳለን» አልኋት። «በቃ። አይተነዋል።»

«ሐኪሟ ምን አለች?»

ሐያት መለሰችላት። «የአዲሱን መጠን ትጨምር፣ እንቀጥል ትላለች። ወደ ቀድሞው መመለስ ከፈለገችም ይቻላል፤ የእሷ ምርጫ ነው አለችኝ። ከደጋገመሽ ወይም ቶሎ ካልተወሽ ግን ሳንውል ሳናድር ሆስፒታል መግባት አለብሽ።»

«እንቀጥላለን» አለች ዘይነባ።

«እኔ እንደገና አላይም» አልሁ። «አልችልም።»

ምላሷ አብጦ ነበርና ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ይማም፣ አንተ ስትጠብቀኝ ኖርህ። አላህ ይስጥልኝ። ከማንም ሰው በላይ ነው የጠበቅኸኝ። ግን የሐያትን ሠርግ አላስታውሰውም። እንግዳውን ሳስተናግድ እንደነበር ሰው ይነግረኛል፤ እኔ በጭጋግ ውስጥ ነው የማየው። ጅሎ የቀረሁ መስሎኝ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም፤ ደደብ ሆኛለሁ ብሎ ማን ይናገራል? መውደቁ ቀን ይበላብኛል። ያች ክኒን ግን ዕድሜዬን ነው የበላች።»

ሐያት አለቀሰች። እኔ ብልቃጡን አንሥቼ ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ እንደያዝሁት ቀረሁ። እንደ ድሮው «አይ» ብል ትሰማኝ ይሆን ነበር። አላልሁም።

አዲሱ መድኃኒት ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ አልጣላትም፤ ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ጥር ላይ ታናሽዋ ለልጇ አቀስታ ሠርግ ደገሰች። ዘይነባ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ብቻዬን ነው የምሄደው አለች። ለመንኋት፤ ተቆጣሁ፤ ሐያትን ላክሁባት።

«አንተ ካለህ» አለችኝ፣ «ሰው ሙሽራዋን ትቶ አንተ እኔን ስታይ ነው የሚያየው። ሄጄ ልጨፍርና ልምጣ። ዳግመኛ ወደ ሐኪም ስንሄድ ትከተለኛለህ።»

መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ያዝሁላት። ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ገና አልሞላም። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ ከጎኗ ደብተሯን የታቀፈች ተማሪ ተቀመጠች። እኔ ከውጭ ሆኜ ልጅቷን በምልክት ጠርቼ በሹክሹክታ ልነግራት አስቤ ነበር፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ቃሉን ስፈልግ ዘይነባ ቀደመችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ ይሰማሉ።

«ልጄ፣ እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ» አለቻት። «መድኃኒት እወስዳለሁ። ምናልባት መንገድ ላይ ከጣለኝ እንዳትደነግጪ፤ አፌ ውስጥ ምንም አታግቢ፣ በጎኔ አስተኚኝ፤ ራሱ ይተወኛል።»

 ከኋላ ያለ አንድ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ አያት። ልጅቷ «እሺ እማማ» አለች። ከዚያ ደብተሯን እግሯ ሥር አስቀምጣ ወደ ዘይነባ ጠጋ አለች። «እኔም አቀስታ ነው የምወርደው።»

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ዘይነባ በመስኮቱ እጇን አውጥታ፣ «ወደ ቤት ሂድ፣ ብርድ ነው» አለችኝ። መኪናው ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ዳገቱ ታጠፈ። በመስኮቱ በኩል ለልጅቷ የሆነ ነገር እያወራች፣ ልጅቷም ስትስቅ ይታየኛል። አቧራው ሸፍኗቸው እስኪጠፉ ድረስ ከቆምሁበት አልተነቃነቅሁም፤ ከዚያ እንዳለችኝ ወደ ቤት ዞርሁ።